ሃምሳዋ

ለፋሲካው ሙክት የቋጠርሁትን ብር
ለቡሬው ልጅ ሰጠሁ፣ ብዙም ሳልከራከር፤
ፎቶ ቤቱን ዘግቶ ወፍጮ ሊያቆም ነበር።
በምትኩ ከኪሱ፣ በካልሲ ጠቅልሎ፣
"ዋጋዋን ተውና ዓይኗን እየው" ብሎ፣
አወጣት፣
ሃምሳዋን።
ገላዋ ፕላስቲክ፣ ክብደቷ የእንቁላል፣
ፎከስ ስትፈልግ አንጀቷ ጢዝ ይላል።

የሻረግ መዘነች፣ በመዳፏ ይዛ፤
"ይች ናት በጋችን? ሥጋዋስ የታለ?
በል ጎትትባት እስቲ ያን የማዶ ዋንዛ።"
አትጎትትም አልኋት። ሂድበት ነው ያለ፣
በገዛ እግርህ፣ የሠራት ሰውዬ።
ዙም የላት። ቅርብ ከፈለግህ ትሄዳለህ፣
ሩቅ ከፈለግህ ወደ ኋላ ትላለህ፣
አጥሩ ጀርባህን እስኪይዘው ድረስ።

ጂጋ ሠርግ ተጠራሁ። ጉራዬን ነዝቼ
አምስት ሚዜ አነሳሁ፣ ብሌኗን ከፍቼ፤
አንዱ ብቻ ጠራ፤
አራቱ ዛሬም ያኮርፉኛል፣ ተራ በተራ።
የሙሽራዋ አፍንጫ እንደ ብርሌ ጠርቶ
ዓይኗ ጭጋግ ገባ።
እናቷ ፎቶውን ትታ እኔን አየችኝ፣ ረጅም ሰዓት።
ያን ቀን ነው ብሌኗን ማጥበብ የተማርሁት፤
ሁሉን ልይ ላለ ሰው
ጠበብ ማለት አለበት።

ከዚያ ሐምሌ ገባ።
ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ሦስት ቀን ሙሉ፣
መብራት የለም፤ ትራንስፎርመሩ ተቃጠለ አሉ።
ከመናኸሪያው በላይ ፎቶ ቤቶች ዘጉ፣
ያለ አምፖል፣ ያለ ፍላሽ፣ እነሱስ ምን ያድርጉ?
እኔ በሬን ከፈትሁ። ለሃምሳዋ በቂ ነው
ደመናው አጣርቶ በበር የሚሰጠው።

ረቡዕ ረፋድ ላይ አንድ ሰው ደፉ ላይ ቆመ፣
ጃንጥላውን አጥፎ።
ልየው።
የእናቴ ልጅ። ስሙ ይህ ሆኖ ሳላየው
ሁለት ክረምት አልፏል። ባሕር ዛፍ ነው የለየን፤
አጠናውን ሸጦ ድርሻዬን ያልሰጠኝ፣
እሱ እንደሚለው ግን ቆጥሮ የሰጠኝ።
"ጉርድ" አለ። "ለቀበሌ። ዛሬ ካልሆነ ያልፈኛል።"
የተናገረው ለግድግዳው ነው።

ወንበር አሳየሁት።
ከቆምሁበት ሳየው ፊቱ የባቄላ ፍሬ ታክላለች፣
ወንበሩና ዝናቡ መሃል ጠፍታ።
የድሮዋ ብትሆን፣ ባለ ዙሟ፣ ከሩቅ ቆሜ
በሁለት ጣት ጎትቼ፣ አንስቼ፣
እሸኘው ነበር ከነቂሜ።

አንድ እርምጃ።
ካፖርቱ እርጥብ በግ፣ እርጥብ በግ ይላል።
ሌላ እርምጃ።
ሸብቷል፤ ጆሮው ሥር።
ሦስተኛው ላይ ጉልበቴ ጉልበቱን ሊነካ ሆነ።

ጢዝ አለች።
ጠራ፣ ከግራ ቅንድቡ ሥር፣ ያ ጠባሳ፤
የገና ዱላዬ ነው፣ የልጅነት አበሳ።
ከኋላው የነበረው፣ የተሰነጠቀው ምርጊት፣
በእስክሪብቶ የጻፍሁት የዱቤ ዝርዝር፣
እንደ ቅቤ ቀለጠ። ፊት ብቻ ቀረ፣ ፊት።

ይበልጥ ልጠጋ ስል ግን እምቢ አለች።
ከአንድ ክንድ ወዲህ ለእሷም ጉም ነው፤ አታይም።
አንድ ቁርበት ላይ ስናድር፣ ለካ፣
እኔና ልየው ተያይተን አናውቅም።

"አትንቀሳቀስ።"
"መቼ ተንቀሳቀስሁ?"
ቀጭ።

"ስንት ነው?" አለ ተነስቶ።
"አራት።"
"ዋጋውን ነው ያልሁህ።"
"ማተሚያው አይሠራም አሁን። መብራት ሲመጣ ና።"

ጃንጥላውን ዘረጋ። ሊወጣ ሲል ቆም አለና፣
"የሻረግ ደኅና ናት?" አለ፣
ለዝናቡ።

ትናንት ማታ መጣ፣ መብራቱ።
አምስት አትሜያለሁ።