ከባንኮኒው በላይ

ሴቱባል ወደብ ዳር፣ ከዓሣው ፋብሪካ፣
የማፋልዳ ሠርግ ነው፣ መብራቱ ሲፈካ፣
አያት ዴኦሊንዳ፣ ዓምዱን ተጠግታ፣
ጣቷን አሸተተች፣ ከልማድ ተነስታ፤
ሎሚም ሆነ አመድ፣ ያልነጠቃት ሽታ።

ኬኩ ያረፈበት፣ የሷ ቦታ ነበር፣
ጭራ ከራስ ገጥማ፣ ዓሣ ስትደረድር።
ሳይረኑ ከጮኸ፣ ጀልባ ገባ ማለት፣
ልጅ ከጡት ነጥላ፣ ሩጫ ነው በሌሊት።
ዛሬ ሳይረኑ፣ ነሐሱ ተወልውሎ፣
ከባንኮኒው በላይ፣ ለጌጥ ነው ተሰቅሎ።

ፎቶ አንሺው «ተጠጉ፣ አልበቃችሁም!» ቢል፣
ሣቀች፦
«አንዱን በራስ፣ አንዱን በጭራ አድርገህ ደርድር፣
ልጄ፣ ሁሉም ይገባል።»

ጫማዋን አውልቃ፣ ስትጨፍር አመሸች።
ሙዚቃው ጋብ ቢል ግን፣ ጫማዋን ፈለገች፣
ዓይኗን ሳይረኑ ላይ፣ ተክላ እየጠበቀች።