መነሻ

ኦማሃ፣ ጥር ወር ነው፣ ከሌሊቱ ስምንት፤
ውጪ በረዶ አለ፣ ምድር ቤት ውስጥ ሙቀት።
የባቡር ድርጅቱ ማሽን ቆመ ደግሞ፣
ሐሙስ በመጣ ቁጥር እንደሚቆም ቀድሞ።

መኪናዋ እምቢ ብላት በእግሯ የመጣችው
ቪልማ ክራቶችቪል፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣
ክንድ የሚያህል የወረቀት ክምር ታቀፈች፣
እርሳሷን ከጆሮዋ ጀርባ መዘዘች።

«ዱዌይን፣ የእናትህ እርሻ የት ነው?» አለች።
«ከእህል ጎተራው ሁለት ማይል ወደ ምዕራብ።»
«ጎተራውን ነፋስ ቢወስደውስ?»
ዝም አልኩ።
«ሁለት ማይል ይተርፍሃል። ከምን? እሱን አታውቅም።

ፕሮግራምም እንዲህ ነው፤ ማደሪያ አይመርጥም፣
ባስጠጉት ያድራል እንጂ የት እንደሆን አያውቅም።
ሲነቃ አስቀድሞ ‹የት ነኝ?› ብሎ ይጠይቃል፣
መልሱን አሥራ ሁለተኛው ሬጅስተር ላይ ያኖራል።
ከዚያ ሁሉም ነገር ከእሱ በእርምጃ ነው፣
አራት ሺህ ዘጠና አምስት፤ ክንዱ አጭር ነው።
ለአሴምብለሩ ‹መነሻዬ ይህ ነው› ብትለው
ያምንሃል፤ ሄዶ አያይም።
መናገር ሌላ፣ መጫን ሌላ።»

አሥራ ስድስቱን ሬጅስተሮች በእርሳስ ወረደች።
አሥራ ሁለተኛው ላይ ቆመች።
ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ መጨረሻው አርባ።
«በአሥራ ስድስት ቤት ሲቆጠር ስልሳ አራት ነው።
ዛሬ የከብት ባቡሩ ስንት ፉርጎ ጎተተ?»
ዝርዝሩን በጣቴ ተከተልኩ።
ስልሳ አራት።

ከብት ቆጣሪውን የጻፈው ኤልመር ነበር፣
ጡረታ ወጥቶ አሁን አሪዞና ዓሣ ያጠምዳል።
አሥራ ሁለተኛውን ተዋሰ፣ ፉርጎ ቆጠረበት፣
ሳይመልስ ወጣ፤ አድራሻው ጠፋ፣
የእሱም፣ የእኛም።
ምስኪኑ ፕሮግራም ከስልሳ አራት ተነሥቶ
እርምጃውን አንድ በአንድ በትክክል ቆጥሮ፣
ሊጽፍ ሲል ከሲስተሙ አጥር ግቢ ገባ፤
ዘበኛው «ዜሮ ሲ አራት!» ብሎ በሩን ዘጋ።

«እርምጃው እኮ አልተሳሳተም» አለች ቪልማ፣
ያዘነችለት ትመስል ነበር።
ሁለት ካርድ በሳች፦
አንዷ የምታስቀምጥ፣ አንዷ የምትመልስ።
ማሽኑ አጉረመረመ፣ ፉርጎዎቹ አለፉ።

ንጋት ላይ ወጣሁ። መኪኖቹ ሁሉ
እኩል ነጭ ጉብታ፣ ማን ከማን አይለይ።
ከመብራት ምሰሶው ሦስተኛዋ፣ አልኩ፣
በክንዴ ጠረግኳት፣ ጣቶቼ እስኪደነዝዙ፤
የሌላ ሰው ፎርድ ሆና ተገኘች።

ለካ ምሰሶው ሁለት ነበር።