የዘርጋው ሰባት እራፊ

ኅዳር ነው፥ ጠባሴ፤ ውርጩ በመስኮቱ ተለጥፎ ያድራል፤
ከውሃ ቢሮው ፎቅ አንድ መብራት ብቻ፥ የእኔው ክፍል ይበራል።
ጥበቃው ጋሽ አጥናፌ
ሦስቴ ከደጅ ሳሉ፤ "አትወጪም?" ማለት ነው፤
እኔ ግን አለሁ፤ የሰው እራፊ ይዤ፥ ጥፌ፥ ጥፌ፥ ጥፌ
ያልጨረስሁ ሰው።

ሰባት ናቸው፤ ሰባት ለውጥ፤ ዘርጋው የጣፋቸው፤
ፕሮግራሙ ገና ጨቅላ ሳለ፥ በዚያ በድሮው ኮድ ክርን ላይ የሰፋቸው።
ከዚያ አባቱ ታመሙ፤ ሞላሌ ገባ፤
"አንድ ሰሞን" ብሎ ሁለት ክረምት ሆነው፤ ስልኩም ድምፅ አልባ።
እኛ ግን መች ቆመን! ግንዱ አድጎ ሄደ፤
ታሪፉ ተቀየረ፥ ቆጣሪው ተቀየረ፥ ሰንጠረዡ ፈርሶ ዳግም ተወለደ፤
የእሱ እራፊዎች ግን ማንም በማይለብሰው ልብስ ላይ
እንደተሰፉ ቀሩ።

ሪቤዝ ይሉታል ይህን ሥራ።
ጋሽ አጥናፌ ደረጃውን ወጥተው "ምንድን ነው?" ቢሉኝ
እንዲህ አልኳቸው፦ ድሪቶ ለብሶ ከኖረ ሰው
እራፊውን አንድ በአንድ ፈትቶ፥ ተራውን ሳያዛንፍ፥
አዲስ ካፖርት ላይ መልሶ መስፋት ነው።
ሳቁብኝ። "ካፖርቱ አዲስ ከሆነ
ምኑን ትጥፊዋለሽ?"
"ቀዳዳውም አብሮ ተሸጋግሯላ፥ ጋሼ!"

የመጀመሪያው ያለ ኮሽታ ገባ።
ሁለተኛው፥ መስመር አርባ የነበረው መቶ አሥር ላይ ተገኘ፤ እሱም ገባ።
ሦስተኛው ላይ ማሽኑ ቆመ። ግጭት።
ከላይ የኛ፦ ጳጉሜን ስድስት።
ከታች የሱ፦ ጳጉሜን አምስት።
መካከላቸው የእኩል ምልክት ተደርድሮ፥ ልክ እንደ ማሳ ድንበር።
ድሮ ሥርዓቱ ጳጉሜንን ወር ነች ብሎ የሠላሳ ቀን ያስከፍል ነበር፤
የበሬሳ ማዶ ሰው ደረሰኙን እያውለበለበ፥ ደረጃውን ሞልቶ፤
ዘርጋው ያን ሌሊት ተቀምጦ ጣፈው፥ ይህን ማስታወሻ ትቶ፦
"ጳጉሜን ፍርፋሪ ናት። እንደ ሙሉ ዳቦ አትተምኗት።"
አንዱን መሰረዝ አንድ ቁልፍ ነው፤ እጄ ተነሣ፥ ተመለሰ።
እሱ የጣፈው በማቴዎስ፥ እኛ የጣፍነው በሉቃስ፤
ማንም ማንን አላፈረሰ።
"ሉቃስ ከሆነ" የምትል አንዲት መስመር መካከላቸው ሰፋሁ።

አራተኛው ደህና። አምስተኛው የሚጣፍበት ፋይል ጠፍቷል፤
መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጥሁ፥ ገለጥሁ፤ መዝገብ ሁሉን ይዟል፤
አማቷ የዳቦ ስም ያወጣችላት ሙሽራ መስሎ
ሌላ አቃፊ ውስጥ፥ በሌላ ስም አገኘሁት፤
መልኩ ግን ያው ነው።

ስድስተኛው።
"የሚለወጥ የለም፤ ይህ ለውጥ ቀድሞ ገብቷል፤ ይዝለሉት" ይላል።
ማን አስገባው? ፈለግሁ።
የእኔ ስም።
ያን ሌሊት አስታወስሁ፤ ብቻዬን ፈለሰፍሁት ብዬ የኮራሁበትን፥
ለሥራ አስኪያጁ ያሳየሁትን፥ የተጨበጨበልኝን፤
እነሆ ቃል በቃል፥ ክፍት ቦታው ሳይቀር፥
ከእኔ ዓመት ቀድሞ በእሱ እጅ፥
ማንም ባልከፈተው ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ።

በመንዝ አፍ ለጻፈም ጣፈ ይባላል፥ እራፊ ለሰፋም ጣፈ፤
ቀለሙ ትንሽ ሲዛነፍ ግን፥
ጠፋ።

አልዘለልሁትም።
ባዶውን ከነስሙ፥ ከነቀኑ፥ በተራው ሰፋሁት፤
ጨርቅ የሌለው እራፊ፥ ስፌት ብቻ።

ሰባተኛው ምንም አላስቸገረ።
መለያ ቁጥራቸው ሁሉ ተለውጧል፤ ሌላ ነገር ሆነዋል፥ ያው ነገር ሆነዋል።
ጣፊ፦ ዘርጋው፤ ቀኑም የጥንቱ፥ የማቴዎስ ጳጉሜን።
አስገቢ፦ እኔ፥ ዛሬ።
ጋሽ አጥናፌ አራተኛውን ሳሉ።
ጣፍሁ።
መብራቱን አጠፋሁ።