ዕድር ለእጅ ድንኳን አይተክልም

ጡሩምባው ኮዬ ፈጬን ቀሰቀሰ፤
ሳጅን ሞላልኝ ከሮንድ ሲመለስ
በጥይት ወደቀ አሉ፤ ሰፈሩ አለቀሰ።
ሚስቱ በባዶ እግሯ አራት ፎቅ ስትወርድ
ታች ቆሜ ነበር፣ ይዤ የድንኳን ገመድ።

በግራዬ ነው የሳብኩት፤
ቀኜ ካምና ወዲህ አልጨብጥ ብሏል፤
«ቁጭ በል!» እያለ እሱ ነው የሰበረው፣
ቁጭ ብዬ ሳለሁ።
ያኔ ጡሩምባ የነፋ የለም፤
ዕድር ለእጅ ድንኳን አይተክልም።

«ደግ ነበር» ይላሉ። ለእነሱ ይሆናል።
«ነፍስ ይማር» ልል ስል ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ከዚያ ልጁ መጣ፣ ጆግና ሳፋ ይዞ፣
ወገቡ ላይ የአባቱ ቀበቶ ሁለት ዙር ዞሮ፤
«ጋሼ፣ እጅዎን።»
ሁለቱንም ዘረጋሁለት።
ውሃው በማይገጥሙት ጣቶቼ መሀል አለፈ፤
አየና፣ ጆጉን ዝቅ አድርጎ
ቀስ ብሎ ደገመ።