የብርሃን ግብር

የጥር በረዶ ነው፤ ደርቢሻየር ነጥቷል፣
በጉ ከድንጋይ ካብ ጥግ ተለጥፎ ቆሟል።
ከዚህ ሁሉ ነጭ መሀል አንድ ቤት ያበራል፣
ጣሪያው እንደ ማዕበል ተነሥቶ ይተኛል።

አጥንቱ ብረት ነው፣ ከእሳት የወጣ፣
እንደ ልምጭ ጎብጦ በመዶሻ የተቀጣ፤
ቆዳው መስታወት ነው፣ አሥር ሺህ ቁራጭ፣
የገጠመው ሳይላስ ራግ፣ ያ መስታወት ቆራጭ።
ሁለት በጋ ሙሉ ጣሪያው ላይ ዘለቀ፤
ጉልበቱ ደነደነ፣ ጥፍሩ አለቀ፤
በሆዱ ተኝቶ ከሳንቃ ጀርባ ላይ፣
በስቱኮ ይመርጋል ብረቱን ከሰማይ።

ጌታው ከታች ሆኖ በከዘራ ያሳያል፤
«እዚህ ጋ ኩሬ ይሁን፤ ያ ኮረብታ ይነሣል፤
መንደሩም ከዓይን ይራቅ፣ ጭሱ ያስቀይማል።»
ተነሣለት።
ኮረብታውም፣ መንደሩም።

ዘንባባዋ መጣች ባሕሩን ተሻግራ፣
ሥሯን በጆንያ ከነአፈሩ ታስራ።
አሥራ አራት ፈረስ ሲጎትት አደረ፣
ኬላው ጠበባትና በሩ ተሰበረ።
ከወለሉ በታች ቦይለር ያጉረመርማል፣
ሙቅ ውሃ በቧንቧ ዙሪያዋን ይዞራል፤
ውጪ ሰው ይንዘፈዘፋል። እሷን ግን አልቧታል።

ቅዳሜ ሲመሽ ሳይላስ ቤቱ ሄደ፤
በጠባብ ደረጃ ዳብሶ ወረደ።
መስኮት ነበረችው፣ አንዲት፣ በጓሮ ፊት፣
አከራዩ መጥቶ በጡብ ደፈናት፤
መንግሥት በመስኮት ልክ ግብር ስለጣለ፣
«በጨለማ የሞተ ማን አለ?» እያለ።
ታቢታ በመዳፏ ጡቡን ትነካለች፣
«ፀሐይ ስትመታው ይሞቃል» ትላለች።
ትንሹ ጃቤዝም ሊቆም ይሞክራል፤
እግሩ እንደዚያ ብረት ወደ ውጪ ጎብጧል።
አባት ያያል፣ ያያል። ምን ብሎ ይናገራል?
በጎባጣ መግጠም እንጂ ማቅናት የት ተምሯል?

በዓመቱ ዘንባባ ጣሪያውን ስትገፋ፣
«ጣሪያው ከፍ ይበልላት፣ ቅጠሏ እንዳይከፋ!»
ሳይላስ ተጠራ። ወጣ። ከዚያ ከፍታ
አየው ድግሱን ሁሉ፣ ብርሃን ሲቀዳላት ጠዋት ማታ።

በእኔ ቋንቋ ግብር ሁለት ፍቺ አለው፤
አንዱ የሚበላ፣ አንዱ የሚከፈለው።
ዘንባባዋ በላች።
ታቢታ ከፈለች።

ያን ማታ ከሸሚዙ ሥር አንዲት ስባሪ ነበረች፣
መዳፍ የምታህል፣ ከመዝገብ ያልገባች።
አንድ ጡብ አወጣ። ስቱኮውን መረገ።
ሌላ አላደረገ።

ሲነጋ ወለሉ ላይ ብጣሽ ታህል ፀሐይ፤
ጃቤዝ ሊቆም ሄደ፣
እዚያች ላይ።