ግማሽ ጧፍ

ሜትሬን አንግቼ፣ ወረቀቴን ይዤ፣
ከመሐል ሜዳ ማዶ፣ ገደል ለገደል ተጉዤ፣
ጓሳው ጤዛ አዝሎ፣ ጉሙ መንገድ ጋርዶ፣
ደረስኩ ከዋሻው አፍ፣ እግሬ እስኪሆን በረዶ።

ቄሰ ገበዝ ጠንክር፣ ባና የደረቡ፣
ቁልፉን ካንገታቸው በጠፍር እየሳቡ፣
"ማነው የላከሽ?" አሉ፤ መልሴን ሳይሰሙ፣
ጧፍ ለኩሰው፣ በሩን ገፍተው ቀደሙ።

ውስጡ ይሸታል፦ ኩስ፣ ሰም፣ እርጥብ ድንጋይ፤
ጠብታ ይወርዳል ከማይታይ ሰማይ።
ከቤተ መቅደሱ ኋላ፣ በግራ በኩል ጥጉ፣
ሰዎች ተኝተዋል፣ የተጠጋጉ።
በላም ቆዳ የተሰፉ፣ በመጫኛ የታሰሩ፤
ያንዱ ተረከዝ ወጥቶ፣ ያንዱ ሦስት ጥፍሩ።
አንዷ ሕፃን ናት መሰል፣ ክንድ ከስንዝር፤
ማተቧ ዛሬም አለ፣ ሰማያዊ ክር።

"ስንት ናቸው አባ?" አልኩ እርሳሴን ስቤ።
"በግ አይደሉ ልጄ፤ መቁጠር መች መጥቶ ከልቤ!"

ያን ጊዜ ነገርኳቸው ስለ ሩቁ ዳርቻ፣
ባሕሩ የሚልሰው የአምድ ጉቶ ብቻ፣
ሁለት ክረምት ሙሉ አፈር የጠረግሁበት፣
የጥንት ክርስቲያኖች ጸልየው ያለፉበት።
ወለሉ ጠጠር ነው፣ ብዙ ነው ዓይነቱ፤
ዓሣ፣ ወይን፣ ጣዎስ ተሥሏል በፊቱ።
የጥምቀት ገንዳ አለ፣ መስቀል የመሰለ፤
ውሃው ከደረቀ ሺህ ዓመት የዘለለ።
ከመንበሩ በታች ሣጥን አለ፣ ከእብነ በረድ፣
ቀዳዳ ያለው ከላይ፣ ዘይት የሚያወርድ፤
ዘይቱ ዐፅሙን ነክቶ በጎኑ እንዲወጣ፣
ድውይ ተቀብቶት እንዲድን የመጣ።
እኛ ስንከፍተው ግን ባዶ ነበር ውስጡ፤
አሸዋና ቀንድ አውጣ ብቻ ነው የወጡ።

ዝም አሉ ቄሰ ገበዝ። ጠብታው ተሰማ።
ከውጭ ጭላዳ ጮኸ፣ ከአፋፉ ማማ።
የጠየቁኝ ሌላ ነው፣ ያልጠበቅሁት ነገር፦
"የሚጠርገው ማነው፣ ያን ቤት፣ በዚያ አገር?"

"ዘበኛ አለው" አልኩ፤ "ትኬት የሚቆርጥ።
ሲመሽ ድመት ናት ከመንበሩ የምትቀመጥ።"
"ቅዳሴስ?" "የለም።" "ስማቸውስ?" "ጠፍቷል።
ድንጋዩ ላይ ግማሽ ፊደል ብቻ ቀርቷል።"

እጃቸውን ዘርግተው ቆዳውን ዳሰሱ፣
የታመመ ልጅ ሌሊት እንደሚያለብሱ።
"እነዚህንም" አሉ፣ "ማን ያውቃል ማን ናቸው?
አባቴም ጠርጎ አለፈ፣ እኔም፤ ብቻ አይብረዳቸው።"

ከእርሳሴ ሣጥን ውስጥ ጠጠር አወጣሁኝ፣
ከጣዎሱ አንገት ወድቃ፣ ማንም ሳያየኝ
ኪሴ የከተትኳት፤ ባቄላ ታክላለች፤
ስድስት ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር ኖራለች።
"ወድቃ ነው" አልኳቸው፤ ድምፄ ግን ሰለለ።
በጧፉ ብርሃን አዩዋት፤ ቁጣ ግን የለ።
"የወደቀም ባለቤት አለው" ብቻ ነው ያሉኝ፣
ጠጠሯን ከመዳፌ መልሰው ሲሰጡኝ።

የሚነደውን ጧፍ ለሁለት ቆረጡት፤
ግማሹን ለሕፃኗ ከራስጌዋ አቆሙት።
ግማሹን ለእኔ፦ "ስትመልሺያት አብሪላቸው፤
'ከመንዝ ነው፣ ከጎረቤት' ብለሽ ንገሪያቸው።"

ደብረ ብርሃን ገባሁ፣ ጨለማ ሲወርድ፤
ባጃጅ፣ የፋብሪካ ጭስ፣ አጥንት የሚበላ ብርድ።
በማግሥቱ ቅጹን ሞላሁ፦ ርዝመት፣ ወርድ፣ ከፍታ፣
የዋሻው አቅጣጫ፣ የበሩ ቦታ።
"የዐፅም ብዛት" የምትል ሣጥን ነበረች፤
ብዕሬ ደረሰች፣ ቆመች፣ ተመለሰች።

ቪዛ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ። ጧፉ ትንሽ ጎብጧል።
ከመሳቢያዬ ውስጥ፣ ጠጠሯ ላይ፣ ሰም ተጣብቋል።