የማርትሬዛዋ ጉንጭ

ስልኬን አስደግፌ ከስኳሩ ጣሳ፣
ብሯን አጠገቡ፣ ጎንደር ላይ፣ ፒያሳ፣
ከእንየው ወርቅ ቤት ጓዳ አመሸሁ ሳመሳክር፣
ፎቶውን ከብሯ፣ ብሯን ከፎቶው ብር።

ፎቶው በተርታ ነው። አንደኛዋ እመቤት
ትናንት የተመታች፣ ጸጉሯ ክር በክር ናት፤
አምስተኛዋ ላይ ሹርባዋ ተድጧል፣
አሥረኛዋ ዘንድ አፍንጫ ብቻ ቀርቷል።

የኔዋስ? ከትከሻዋ ጌጥ ዕንቁ ቆጠርሁ።
ዘጠኝ ነው የሚለው መመሪያው። ሰባት ላይ ጠፋሁ።
መነጽሬን ወልውዬ፣ ውሃ ጠጥቼ፣ ተመልሼ—
ሰባት።

አዘዞ፣ ከአክስቴ ከያለምዘውድ አንገት ሳለች፣
ሰው ሲዋሽ፣ አክስቴ ጉንጯን በአውራ ጣቷ ታሻለች—
የብሯን ጉንጭ—ምንም ሳትል፣ ሳትቆጣ፣
ዋሾው ነጠላውን ሰብስቦ እስኪወጣ።
ጎረቤት፣ ዳኛ፣ ዕቁብ ሰብሳቢ፣ አማጭ…
ስንቱ ነው ያለፈ በዚች በአንዲት ጉንጭ!

መመሪያው ግን ይላል፦ «ቀለበት የተበየደባት
ደረጃ የላትም፤ ‹ጉዳት› ብላችሁ ጻፉባት።»

እንየው በሩን ገፋ። «አልጨረስሽም? ተይና!
ገዢው ሩቅ አገር ነው፤ መብራቱን ቀንሺና
አንሺያት። ‹ያልተነካች› ብለሽ ጻፊና
ላኪለት።»
          ዝም አልኩት።
ዝናቡ አባርቷል። ስልኩ ሳልነካው ጠቆረ።
አውራ ጣቴን ሳየው
ጉንጯ ላይ ነበረ።